የደመወዝ ወለሉን ተናገሩልን፦ ለሥራና ክህሎት ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለኢፌዴሪ የሥራና ክህሎት ሚኒስትር

ጉዳዩ፦ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገው የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ስለመጠየቅ

ክብርት ሚኒስትር፣

በስታዲየምና በለገሀር መካከል ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ የሠራተኞች መሠረታዊ ማኅበር ሊቀመንበር ነኝ። በዚሁ ሆቴል አሥራ አንድ ዓመት በአስተናጋጅነት ሠርቻለሁ። የሆቴሉን ስም አልጽፍም፤ ድርድራችን ገና አልተዘጋም፣ ችግሩም የእኛ ቤት ብቻ አይደለም።

የኅብረት ስምምነታችን ዘመኑ ሲያበቃ አዲስ ረቂቅ አዘጋጅተን ለአሠሪው በጽሑፍ አቀረብን። በሥራ ልብስ ተስማማን። በሠራተኞች ምግብ ተስማማን። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ከፈረቃ ለሚወጡት መኪና እንዲመደብም ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማማን። ደመወዝ ላይ ስንደርስ የአሠሪው ተደራዳሪ አዋጁን ወደ እኛ ገፋ አድርገው፣ «ከዚህ በታች አትክፈል የሚለኝ ቁጥር የት ላይ ነው? አሳዩኝ» አሉን። አምስት ሰዎች ነበርን። አንዳችንም የምናሳየው ቁጥር አልነበረንም፤ በአዋጁ ውስጥ የለምና።

በአዋጁ ያለው ተስፋ ነው። አንቀጽ 55 የመንግሥት፣ የሠራተኞችና የአሠሪዎች ተወካዮች ያሉበት የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚቋቋም፣ ቦርዱም የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገትና የሥራ ገበያውን ሁኔታ እያጠና ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል በየጊዜው እንደሚያሻሽል ይናገራል። አዋጁ ስድስተኛ ዓመቱን ሊደፍን ነው። ቦርዱን ግን እስከ ዛሬ አላየነውም።

የልብስ ንጽሕና ክፍል ባልደረባችንን የደመወዝ ወረቀት አስፈቅጄ አይቻለሁ። መደበኛ ደመወዟ 3,500 ብር ነው። ከዚህ ላይ 397 ብር ከ50 ሳንቲም የሥራ ግብር፣ 245 ብር ደግሞ የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል። እጇ ላይ የሚደርሰው 2,857 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ በቀን ሲካፈል ከመቶ ብር ያንሳል። ይህ ደብዳቤ ሲጻፍ፣ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም.፣ ግብር የማይነካው የገቢ መጠን በ2008 ዓ.ም. የተወሰነው 600 ብር ነበር። ይህች ሴት ቀኑን ሙሉ በእንፋሎትና በክሎሪን መካከል ቆማ ትውላለች፤ እንግዳው የሚተኛበት ነጭ አንሶላ የእርሷ ሥራ ነው።

«ሰርቪስ ቻርጅ አለላችሁ» ይሉናል። አዎ፣ አለ። እንግዳው በሚከፍለው ሒሳብ ላይ የሚታሰበው አሥር በመቶ ይከፋፈለናል፤ በብዙ ሆቴል ሠራተኛው የሚኖረው በእርሱ ነው። የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር ክፍሎቹ ይሞላሉ፣ እኛም ደኅና ወር እናሳልፋለን። ክረምት ሲገባ ይቀዘቅዛል። ገበያው ሲቀዘቅዝ ግን የቤት ኪራዩ አይቀዘቅዝም። ከዚያም በላይ አዋጁ ራሱ በአንቀጽ 53 ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ እንዳልሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ የዓመት ፈቃድ ክፍያችን፣ የወሊድ ፈቃዳችን፣ የሥራ ስንብት ክፍያችን፣ ጡረታችን ሁሉ የሚሰላው በዚያች በ3,500 ብሯ ነው። ሃያ ዓመት ሠርቶ የሚወጣ ሰው ይዞ የሚወጣው እርሷን ነው።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ይህን በዓይናችን አየን። መጋቢት 30 ቀን የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለማስፈጸም በወጣው ደንብ አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ተከለከሉ፤ ለዚህ እስከ ዛሬ ምስጋና አለን። እንግዳው ግን ጠፋ፤ ሰርቪስ ቻርጁም ዜሮ ሆነ። ከሥራችን ሳንባረር በመደበኛ ደመወዝ ብቻ ለወራት ቆየን። ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ገጠር ወደ ወላጆቻቸው የተመለሱ ባልደረቦች ነበሩን። መደበኛ ደመወዝ ብቻውን ሰው ማኖር እንደማይችል ከዚያ ወዲያ የሚያስረዳን ሰው አያስፈልገንም።

ከዚያ በኋላ ኑሮው ይበልጥ ከበደ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ዛሬ ከ120 ብር በላይ ሆኗል። ሆቴላችን የክፍል ዋጋውን ለውጭ እንግዳ የሚነግረው በዶላር ነው። ያው ክፍል፣ ያው አልጋ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ያስገባል። ነዳጁ፣ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ፣ ጥገናው እንደተወደደባቸው አልክድም። በእኛ መደበኛ ደመወዝ ላይ ግን አንድ ብር አልተጨመረም። ካዛንቺስ በእግራቸው እየመጡ ይሠሩ የነበሩ ባልደረቦቻችን ደግሞ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል፤ አሁን ለጠዋቱ ፈረቃ ለመድረስ ሌሊት አሥር ሰዓት ከቤት ይወጣሉ፣ በሁለትና በሦስት ታክሲ ይመጣሉ።

መንግሥት ኑሮው መክበዱን አላየም አልልም። በ2017 በጀት ዓመት የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ ብሏል። ተገቢ ነው፤ ደስም ብሎናል። መንግሥት ለራሱ ሠራተኛ ከ4,760 ብር በታች አይበቃም ብሎ ከወሰነ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ አጣቢ በ3,500 ብር እንድትኖር የሚፈቅደው ምክንያት ምንድን ነው? እርስዎ እንዲመልሱልኝ የምጠይቀው ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

ወለል ከተቀመጠ ባለሀብት ይሸሻል፣ ትናንሽ ሆቴሎች ይዘጋሉ የሚሉ አሉ። ስጋቱን አላቃልልም። አዋጁ ቦርዱ በጥናት ይሥራ ያለውና ለአሠሪውም ወንበር ያስቀመጠው ለዚህ ነው፤ ስጋታቸውን እዚያ ያምጡ፣ እኛም የደመወዝ ወረቀታችንን እናምጣ። ደግሞ የእኛው አሠሪ ተደራዳሪ በድርድሩ መካከል የተናገሩትን ልንገርዎት። «እኔ ብጨምር ጎረቤቴ በዚያው ዋጋ ሰው እያገኘ ዋጋ ይሰብርብኛል» ነው ያሉት። እውነታቸውን ነው። ወለሉ ለሁሉም እኩል ቢሆን ይህ ፍርሃት አይኖርም ነበር። ስለዚህ ቦርዱ ደኅና መክፈል ለሚፈልገው አሠሪም ይጠቅማል።

ይህን በድርድር ጠረጴዛ ላይ ልንጨርሰው እንደማንችል ስናውቅ ከጠረጴዛው ተነሥተን ወደ ውጭ ወጣን። ከአካባቢያችን ሆቴሎች መሠረታዊ ማኅበራት ጋር ተገናኘን፣ ፊርማ አሰባሰብን፣ የምርጫ ክልላችንን የምክር ቤት አባል ለማነጋገር ቀጠሮ ጠየቅን። በዚህ ጊዜ አንድ የሆቴሉ ኃላፊ ጠርተው፣ «ማኅበር የምትሠሩ መስሎኝ ነበር፤ ፖለቲካ ጀመራችሁ?» አሉኝ። በአገራችን ይህች ቃል ሰው እንዴት እንደምታስፈራ ለእርስዎ መናገር አያስፈልገኝም። በማግሥቱ ሦስት አባላት ስማችን ይሰረዝ ብለው መጡ። አልተቆጣኋቸውም፤ ስማቸውን ሰረዝኩ።

ግን መልሱን በግልጽ ልጻፈው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የመደራጀት፣ ከአሠሪ ጋር የመደራደርና ሥራ የማቆም መብት ሰጥቶናል። አዋጁ በአንቀጽ 115 የሠራተኛ ማኅበራትን ተግባር ሲዘረዝር አሠሪና ሠራተኛን የሚመለከቱ ሕጎች እንዲወጡ ሐሳብ ማመንጨትን፣ ሕጎቹ ሲዘጋጁና ሲሻሻሉም በንቃት መሳተፍን አካትቷል። ስለ ሕግ መጠየቅ ፖለቲካ ከተባለ፣ ሕጉ ራሱ ያዘዘን ሥራ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ዝቅተኛ ደመወዝ ነበር። ሃምሳ አንድ ዓመት ሆነው። በ2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) የሠራተኞችን ቀን በአደባባይ ሰልፍ ሊያከብርና ይህንኑ ጥያቄ ሊያነሣ አቅዶ ሰልፉ ሳይካሄድ ቀረ። ጥያቄው የእኔ ፈጠራ እንዳልሆነ ይወቁልኝ።

ሥራ ማቆምም በሕግ የተፈቀደልን መንገድ ነው፤ የአባላቱን ድምፅ መሰብሰብ፣ አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ሁሉንም ሥርዓቱን እናውቀዋለን። አልመረጥነውም። ሆቴሉን ብናቆም የምናገኘው የአንድ ሆቴል መልስ ነው፤ ጎረቤቱ እንዳለ ይቀራል፣ ከሦስት ዓመት በኋላም እዚያው ክርክር ላይ እንገኛለን።

ስለዚህ ክብርት ሚኒስትር፣ የምንጠይቀው ይህ ነው። የደመወዝ ቦርዱን የሚያቋቁመው ደንብ ረቂቅ የት እንደደረሰ መሥሪያ ቤትዎ በይፋ ይንገረን፤ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚቀርብበትንም ቀን ቆርጣችሁ አሳውቁን። ቦርዱ ሲቋቋምም ከሠራተኛው ወገን ከሚቀመጡት መካከል ኑሮው በሰርቪስ ቻርጅ ላይ የተንጠለጠለው የሆቴል ሠራተኛ ድምፅ ይኑርበት፤ የእኛ ደመወዝ ከፋብሪካው በተለየ መንገድ የሚሠራ ነውና ካልነገርንዎት አይታይም።

በ2018 ዓ.ም. ይካሄዳል ተብሎ በሚጠበቀው ጠቅላላ ምርጫ በምርጫ ክልላችን ለሚቀርብ ዕጩ ሁሉ፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ ስለ ደመወዝ ወለሉ ያለውን አቋም በጽሑፍ እንጠይቃለን። የሰጠንንም መልስ በሠራተኞች መመገቢያ ክፍል ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። የእርስዎ መልስ ቀድሞ ቢደርሰን ከሁሉም በላይ እርሱን እንለጥፋለን።

የፊርማዎቹ ዋና ቅጂ በእኛ ዘንድ ነው። ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ካለፈ በኋላ ቢሮዎ በሚመድብልን በማንኛውም ቀንና ሰዓት ይዘነው እንመጣለን። የሌሊት ፈረቃ ላይ ያለነውም ጭምር።

ከአክብሮት ጋር፣
የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር