ከዲኮደሩ በፊት ገመዱ ይታይ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ለቤት ሲኒማ የሚሆን ዲኮደር (የፊልሙን ድምፅ ፈትቶ ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለውን ዕቃ) ስለመምረጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው «ቻናሉ የበዛውን ግዙ» ብለው ነው የደመደሙት፤ ቻናል ያሉት የቴሌቪዥን ጣቢያን ሳይሆን ለየስፒከሩ የሚሄደውን የድምፅ መስመር ነው። ይህንኑ ምክር ሰምቼ ስምንት ወር የደረሰብኝን ስለማውቅ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

እናቴ ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል። አብረን ፊልም ስናይ በየመሀሉ «ምን አለ?» ትለኛለች፤ እኔ ስነግራት ቀጣዩ ንግግር ያመልጠናል። ሙዚቃውና ፍንዳታው ሲነሳ ደግሞ «ቀንሰው» ትላለች፤ ስቀንሰው ንግግሩም አብሮ ይጠፋል። ለእሷ ብዬ አምፕሊፋየሩ አብሮት ያለ ባለ 7 ቻናል ዲኮደር ገዛሁ። ሻጩ ፊቱ ላይ የተለጠፉትን ምልክቶች አንድ በአንድ እየጠቆመ አሳየኝ። ፊልሙን ከምን ላይ እንደማይ፣ ድምፁ በየትኛው ገመድ እንደሚገባ ግን አልጠየቀኝም። እኛ የምናየው በራሱ በቴሌቪዥኑ በኢንተርኔት ነው። ቴሌቪዥኑን ድምፅን በብርሃን በሚያስተላልፈው በኦፕቲካል ገመድ ከዲኮደሩ ጋር አገናኘሁት፤ ከሁሉም ስፒከር ድምፅ ወጣ። እናቴ ግን አሁንም «ምን አለ?»

አንድ ምሽት የዲኮደሩን ትንሽ መስኮት ልብ ብዬ ሳየው «ፒሲኤም» ይላል፤ በኮድ ያልታሸገ ተራ ዲጂታል ድምፅ ማለት ነው። ለካ ቴሌቪዥኑ ድምፁን ወደ ሁለት ቻናል ጨምቆ እያቀበለው፣ ዲኮደሩም ያንኑ ሁለቱን ለሁሉም ስፒከር እያባዛ ኖሯል! ንግግሩ ከየአቅጣጫው ሲመጣ፣ ደካማ ጆሮ ከየት ይያዘው? በቴሌቪዥኑ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ አንዲት ምርጫ ብቀይር መስኮቱ ላይ «ዶልቢ ዲጂታል» (የየስፒከሩን ድምፅ ለይቶ አሽጎ የሚልክ አሠራር) የሚል መጣ፤ ንግግሩም ወደ መሀሉ ስፒከር ተሰበሰበ። በ5.1 ቅጂ፣ ማለትም አምስት ዋና ቻናልና አንድ የጎርናና ድምፅ ቻናል ባለው፣ አብዛኛው ንግግር የሚቀመጠው እዚያ ነው። የመሀሉን ብቻ 3 ዴሲቤል ጨመርኩለት። በዶልቢ ዲጂታል ውስጥ ጩኸቱንና ሹክሹክታውን የሚያቀራርብ ትእዛዝ ከድምፁ ጋር ይመጣል፤ ስሙ እንደየዕቃው ቢለያይም ብዙ ጊዜ «የሌሊት» የሚባለው ምርጫ ነው። እሱንም አበራሁት። በዚያ ምሽት እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የተዋናዩን ስም።

ስለ ገመድ ትንሽ ልጨምር፤ ጽሑፋችሁ ፈጽሞ ያላነሳው እሱን ነውና። ኦፕቲካል ገመድ ዶልቢ ዲጂታልንና የእሱን ተፎካካሪ መደበኛውን ዲቲኤስ እስከ 5.1 ድረስ ያሳልፋል። ከብሉሬይ ዲስክ የሚገኙትን፣ ከድምፁ ምንም ሳይቀንሱ የሚያሽጉትን ትሩኤችዲንና ዲቲኤስ ኤችዲ ማስተር ኦዲዮን ግን ማሳለፍ አይችልም፤ እነሱ ኤችዲኤምአይ ይፈልጋሉ። ክፉው ነገር፣ ባለቤቱ ምንም አለማወቁ ነው። ዲስኩ ላይ ከትሩኤችዲው ጎን የዶልቢ ዲጂታል ቅጂ ስላለ፣ ዕቃው ሳይናገር ወደ እሱ ይወርዳል። ስለዚህ ዲስክ የሚያይ ሰው ማጫወቻውን በቀጥታ ከዲኮደሩ ጋር በኤችዲኤምአይ ያገናኝ። በቴሌቪዥኑ በኩል ማለፍ የግድ ከሆነበት ደግሞ ቴሌቪዥኑም ዲኮደሩም ኢኤአርሲ (ድምፅን ከቴሌቪዥኑ በኤችዲኤምአይ ወደ ዲኮደሩ የሚመልሰው መንገድ) ያላቸው መሆኑን ያጣራ፤ የቀድሞው ኤአርሲ ለትሩኤችዲ አይበቃም። እንደ እኛ በኢንተርኔት ብቻ ለሚያይ ግን ድምፁ፣ ከላይም የሚመጣ ድምፅ የሚጨምረው አትሞስ የሚባለውም ጭምር፣ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በዶልቢ ዲጂታል ፕላስ (በዶልቢ ዲጂታል ተከታይ) ስለሆነ በትሩኤችዲ ምልክት መጨነቅ የለበትም።

ከቻናል ብዛት ይልቅ የመሀሉ ስፒከር ጥራት ይቅደም እላለሁ። ሰባት ተራ ስፒከር ከሚደረደር አምስት ጥሩ ይሻላል፤ የኋላዎቹን ሁለቱን ዛሬም አላገናኘኋቸውም።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ወደፊት ስለ ዲኮደር ስትጽፉ የጀርባውን ፎቶግራፍም አውጡልን። ከፊት ያሉትን ምልክቶች ሻጩም ያሳየናል፤ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚነግረን ግን ጀርባው ነው።

የዘወትር አንባቢያችሁ