እግር ከመጠቅለሉ በፊት ትርታው ይዳሰስ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ እግር እብጠትና ቁስል በየጋዜጣውና በየድረ ገጹ የሚወጣው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ጠቅልሉት፣ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ እሹት። መጠቅለልና ከፍ ማድረግ የደም መልስ ቧንቧው የላላበትን ሰው ይጠቅማል። ደም ቅዳው የጠበበበትን ሰው ግን እግሩን ሊያሳጣው ይችላል። ማሸት ደግሞ ባቱ ውስጥ ደም የረጋበትን ሰው ሊገድል ይችላል። ከቆቦ እስከ ከሚሴ፣ ከደላንታ እስከ ባቲ፣ እግሩን ያመመው ሰው ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ከታሸና ከታሰረ በኋላ ስለሆነ ልዩነቱን ሕመምተኛውም፣ አስታማሚውም፣ ወጌሻውም ማወቅ አለባቸው።

ደም ቅዳ ከልብ የወጣውን ደም ወደ እግር ያወርዳል፤ ደም መልስ ደግሞ ሽቅብ ይመልሰዋል። ሽቅብ ለመውጣት ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ስንራመድ የሚጨምቀው የባት ጡንቻና በቧንቧው ውስጥ ያሉት፣ ደሙ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚያግዱት ትንንሽ መዝጊያዎች። በተደጋጋሚ እርግዝና፣ በውፍረት፣ በዘር፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ በመሥራት ወይም ቀደም ሲል በረጋ ደም ምክንያት መዝጊያዎቹ ሲላሉ ደሙ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ይከማቻል። ሥሮቹ ተጠማዘው ይወጣሉ፤ እግሩ ማታ ያብጣል፣ ጠዋት ይቀንሳል። ቆዳው እየጠቆረ ይደድራል፤ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎም ጥልቀት የሌለው፣ ውሃ የሚያዥ ቁስል ይከፈታል።

የደም ቅዳ ቁስል ቦታውም መልኩም ሌላ ነው። በጣቶች ጫፍ፣ በተረከዝ ወይም በውጭኛው ቁርጭምጭሚት ላይ ይወጣል፤ ጠርዙ በስለት የተቆረጠ ይመስላል፣ መሃሉ ደረቅና የገረጣ ወይም የጠቆረ ነው። እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ፀጉሩ ይረግፋል። ሕመሙ ሌሊት ይብሳል፤ ሰውየው እግሩን ከአልጋው ወደ ታች ሲያንጠለጥል ቀለል ይለዋል። ከዚያ አስቀድሞ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ ሲራመድ ባቱን ጨምድዶ የሚይዘው፣ ሲቆም በጥቂት ደቂቃ የሚለቀው ሕመም ይኖረዋል። በደሴ ዳገት ላይ ይህን ሕመም «እርጅና ነው፣ ቁርጥማት ነው» እያሉ የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው። መንስኤዎቹ የታወቁ ናቸው፤ ሲጋራ፣ ስኳር፣ ደም ግፊትና ኮሌስትሮል። በርጫ ላይ ሲጋራ የሚደራርቡ ወጣቶች ያሳስቡናል። ጫቱ የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ሲጋራው የቧንቧውን የውስጥ ግድግዳ ያቆስላል። ገና በጉልምስና የእጅና የእግር ጣትን የሚያደርቀውን የበርገር በሽታ የሚያቆመው ትምባሆን ፈጽሞ መተው ነው፤ በቀን ወደ አንዲት ሲጋራ መቀነስም በቂ አይደለም።

ትርታውን መዳሰስ መሣሪያ አይጠይቅም። ሕመምተኛው ጋደም ይበልና የእግሩን አውራ ጣት ሽቅብ ያንሣ፤ በእግሩ ጀርባ ላይ አንድ ጅማት ብቅ ይላል። ከጅማቱ አጠገብ፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ ሁለት ወይም ሦስት ጣት በቀስታ አሳርፉ። አጥብቆ መጫን ትርታውን ያጠፋዋል። በእጅ አውራ ጣት መዳሰስም ያሳስታል፤ የራስን ትርታ የሕመምተኛው ነው ብሎ መቁጠር ይመጣልና። ሁለተኛው ቦታ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አጥንት በስተኋላ፣ በአጥንቱና በተረከዙ ጅማት መካከል ነው። አንዳንድ ጤነኛ ሰው የእግር ጀርባው ትርታ በተፈጥሮ ስለማይገኝ ሁለቱም ቦታ መታየት አለበት። እብጠቱ ትርታውን ከሸፈነው ለጥቂት ጊዜ በጣት ገፋ አድርጎ ውሃውን ማሸሽና እንደገና መሞከር ነው። ከዚያም የጣቱን ሥጋ ለ5 ሰከንድ ተጭኖ መልቀቅ፤ ቀለሙ ከ3 ሰከንድ በላይ ከዘገየ የደም እጥረት ሊኖር ይችላል። በጥቁር ቆዳ ላይ ይህ በጥፍር ሥርና በውስጥ እግር በኩል ይሻላል።

ጤና ጣቢያ ላይ የግፊት መለኪያውና በእጅ የሚያዝ አነስተኛ ዶፕለር (የደም ፍሰትን በድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ) ካሉ ነገሩ ወደ ቁጥር ይለወጣል። ሕመምተኛው ጋደም ብሎ ለ10 ደቂቃ ያህል ካረፈ በኋላ የቁርጭምጭሚቱ የላይኛው ግፊት ለክንዱ የላይኛው ግፊት ይካፈላል። ክንዱ 130፣ ቁርጭምጭሚቱ 78 ቢሆን ውጤቱ 0.6 ነው። ከ0.9 በታች የደም ቅዳ መጥበብን ያሳያል፤ ከ0.8 በታች ያለ እግር በተለመደው ሙሉ ጥብቀት አይጠቀለልም፤ ከ0.5 በታች ያለው ጭራሽ ሳይጠቀለል በአስቸኳይ ወደ ቀዶ ሐኪም ይላካል። ስኳር ያለበት ሰው ቧንቧው ስለሚደድር ቁጥሩ ከ1.4 ሊያልፍ ይችላል፤ ይህ ጤንነት ማለት አይደለም፤ ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ትርታው ደህና ሆኖ ቁስሉ የደም መልስ ከሆነ ዋናው መድኃኒት ጥቅለላው ራሱ ነው፤ ቅባቱም ኪኒኑም ከእሱ በኋላ ይመጣሉ። ቁስሉ በንጹሕ ውሃና ሳሙና ይታጠባል፤ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት ወይም የተፈጨ ኪኒን አይነሰነስበትም። ጥቅለላው ጠዋት እግሩ ሳያብጥ ይጀመራል። እግሩ ከቅልጥሙ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራል፣ ባንዴጁ ከጣቶቹ ሥር ተነሥቶ ተረከዙን ሸፍኖ ከጉልበት በታች ሁለት ጣት ሲቀር ይቆማል፤ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን በግማሽ ይደርባል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠበቅ (ወደ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ)፣ ወደ ላይ እየላላ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ባቱ ላይ ብቻ በመቀነት ወይም በሻሽ ማሰር ደሙን ከታች ያግተዋል፣ እብጠቱም ይብሳል። ከተጠቀለለ በኋላ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ ከጨመረ ወዲያው ይፈታ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት እግርን ከልብ በላይ ከፍ ማድረግና በቀረው ጊዜ መራመድ ያስፈልጋል። በዚህ አያያዝ ቁስሉ ለመዳን ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይወስዳል። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ቅላቱ ሲዛመት፣ መግል ሲኖር ወይም ትኩሳት ሲመጣ ብቻ ነው። በትክክል ተጠቅልሎ በሦስት ወር ውስጥ ምንም ካልቀነሰ ወይም ጠርዙ እያበጠ ከወጣ፣ ካንሰር እንዳይሆን ናሙና ይወሰድ።

በውስጥ እግር ላይ የሚወጣ የማያም ቁስል ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ስኳር ወይም ሥጋ ደዌ የሕመም ስሜትን ሲገድል የሚመጣ ነው፤ በሥጋ ደዌ ሕክምና ከድሮ የሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለዚህ ቅርባችን ነው።

አሁን ወደ ወጌሻዎቻችን እንምጣ። ስብራትንና ወለምታን በመጠገን የሚሰጡትን አገልግሎት እናከብራለን። ነገር ግን አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ባቱ ሲነካ ካመመ እባካችሁ አትሹት። ከጉልበት በታች ካለው የአጥንት ጉብታ 10 ሴንቲ ሜትር ወርዳችሁ ሁለቱንም ባቶች በሜትር ለኩ፤ ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ጥልቅ ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ። የረጋው ደም ተላቆ ሳንባ ከደረሰ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ አንዳንዴም ደም መትፋት ያመጣል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ በካንሰር ሕመምተኞችና ረጅም ጊዜ በተኙ ሰዎች ላይ ይበዛል። ከሁሉ የሚያሳዝነን ግን የአራሶች ነገር ነው። ከወሊድ በኋላ ያሉት 6 ሳምንታት ደም የሚረጋበት አደጋ ከፍ የሚልበት ጊዜ ሆኖ ሳለ፣ እኛ አራሷን አክብረን አልጋ ላይ እናቆያታለን። ገንፎውና አጥሚቱ አይቅሩ፤ ግን ጤነኛ አራስ በወለደች በ24 ሰዓት ውስጥ ተነሥታ ቤት ውስጥ ትራመድ፣ በየቀኑም ታብዛው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር የሚጓዝም በየግማሽ ሰዓቱ ተረከዙን ከፍ ዝቅ ያድርግ፤ አውቶቡሱ ሲቆም ይውረድ።

የረጋ ደም ሕክምናው ደም እንዳይረጋ በሚያደርገው የሄፓሪን መርፌ ይጀመራል፣ ለዚያው ሥራ የሚዋጠው ዋርፋሪን አብሮ ይሰጣል፤ መርፌው ቢያንስ ለ5 ቀን፣ የደሙን የመርጋት ፍጥነት የሚያሳየው ምርመራ (አይ ኤን አር) 2 እስኪደርስና ለአንድ ቀን እዚያው እስኪቆይ ይቀጥላል። ከዚያ በ2 እና በ3 መካከል እየተጠበቀ ቢያንስ ሦስት ወር ይወሰዳል። ዋርፋሪን ጡት ለምታጠባ እናት ይፈቀዳል፤ ለነፍሰ ጡር ግን ጽንሱን ስለሚጎዳ በመርፌው ይተካል። ጎመን የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። በዐቢይ ጾም ጎመኑ ሲበዛ ደሙ ሊረጋ፣ በፋሲካ ድንገት ሲቀር ሊፈስ ይችላል፤ መጠኑን ዓመቱን ሙሉ ማመጣጠን ነው። መድኃኒቱ ማታ ማታ ስለሚወሰድ ረመዳን የሚጾሙትን አያስቸግርም። የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክና አንቲባዮቲኩ ሜትሮኒዳዞል ሐኪም ሳያውቅ አይጨመሩበት።

እግር በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ፣ ከደነዘዘና ትርታው ከጠፋ ያለው ጊዜ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከልብ የተነሣ የረጋ ደም ነው፤ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ልባቸው የተጎዳ ወጣቶችም ያጋጥማቸዋል። በሙቅ ውሃ ወይም በእሳት አይሞቅ፣ አይታሽ፣ ከፍ አይደረግ። ከተራራማው ወረዳ ተነሥቶ ሆስፒታል መድረስ ብቻውን ያንን ሰዓት ሊጨርሰው ስለሚችል «እስኪነጋ እንየው» አይባልም።

የዞኖቹን ጤና መምሪያዎች የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለየጤና ጣቢያው አንድ የእጅ ዶፕለርና በቂ ባንዴጅ ይግባ፤ ቁስል የሚያጥቡ ነርሶችም ሳይለኩ እንዳይጠቀልሉ ይሠልጥኑ። ከወጪው ጋር የሚነጻጸረው በየዓመቱ የሚቆረጠው እግር ነው።

የቀረ አንድ ጉዳይ፦ ያበጠ የእግር ሥር ፈንድቶ ደም ቢፈስ ከላይ በገመድ ማሰር መፍሰሱን ያብሰዋል። ሰውየውን አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ በንጹሕ ጨርቅ ቀዳዳው ላይ ለ15 ደቂቃ ሳታነሡ ተጫኑ። ይቆማል። በማግስቱ ግን ሐኪም ይየው፤ ሥሩ ካልታከመ ዳግመኛ ይፈነዳልና።

በደሴና በኮምቦልቻ የምንሠራ የጤና ባለሙያዎች