«የቤት እመቤት ነበሩ» ብዬ የጻፍኩት ወረቀት

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ከሦስት ሳምንታት በፊት በምኖርበት በቡራዩ የአንዲት ጎረቤታችን ሥርዓተ ቀብር ሲፈጸም የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ጡረታ የወጣሁ መምህር በመሆኔ በሰፈራችን ሰው ሲያርፍ ወረቀትና እስክሪብቶ የሚሰጠው ለእኔ ነው። ልጆቻቸው ስማቸው ለጊዜው በጋዜጣ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ፣ ሁላችንም በምንጠራቸው «እትዬ» በሚለው ብቻ አነሳቸዋለሁ።

የጻፍኩት እንደተለመደው ነበር፦ ከአባታቸውና ከእናታቸው መወለዳቸውን፣ ዕድሜያቸው ለትዳር ሲደርስ ማግባታቸውን፣ የስድስት ልጆች እናት መሆናቸውን፣ «ቤተሰባቸውን በቤት እመቤትነት ሲያገለግሉ» መኖራቸውንና ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በ74 ዓመታቸው ማረፋቸውን። ተነቦ ለማለቅ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። በዚያው ሰሞን ለአንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ለነበሩ ጎረቤታችን ግን ዝውውራቸውንና የደረጃ ዕድገታቸውን ከነዓመተ ምሕረቱ ዘርዝሬ ሁለት ሙሉ ገጽ ጽፌያለሁ።

ስሕተቴን የተረዳሁት ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ስቀመጥ ነው። አንድ ጎልማሳ እናቱ በሕፃንነቱ እንደሞተችበትና እትዬ ወስደው እንዳሳደጉት ከነገረን በኋላ፣ «ከልጆቻቸው ለይተው አንድ ቀን አላጎረሱኝም» ብሎ አለቀሰ። አንዲት እናት ደግሞ ሌሊት ምጥ ሲይዛት፣ መኪና በማይገኝበት በዚያን ዘመን፣ እትዬ ጎረቤቱን ቀስቅሰው በቃሬዛ እንዳስወሰዷት አስታወሰች። በዚያን ጊዜ ቡራዩ ትንሽ ከተማ ነበረች፤ የገፈርሳ ግድብ ውኃ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ እኛ ከምንጭ እንቀዳ ነበር። ዛሬ ከተማችን በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው የሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልላለች፤ ያንን ዘመን የሚያስታውስም በየዓመቱ እየቀነሰ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን የሴቶች እድር መዝገብ ነው። እትዬ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ የቤቱን ሥራ ጨርሰው፣ ሕፃን አዝለው፣ ማታ ማታ ቀበሌ እየሄዱ ነበር። በኋላ እድሩ ገንዘብ ያዥ አድርጎ መረጣቸውና መዝገቡን ከሃያ ዓመት በላይ በገዛ እጃቸው ጻፉት። በእድራችን ደንብ መሠረት ሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለች አባል ትሰረዛለች፤ በመዝገቡ ላይ ግን በእሳቸው ዘመን የተሰረዘች አንዲት ሴት እንኳ የለችም። ምክንያቱን የሰማሁት ጓዳ ንፍሮ ሲቀቅሉ ከነበሩት ሴቶች ነው፦ ያጡትን ሴቶች መዋጮ እትዬ እንጀራ ሸጠው ባገኙት ይከፍሉ ነበር፤ ለባለቤታቸውም ቢሆን አልተናገሩም።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ድንኳኑ ተጠቅልሎ መጋዘን ገባ። እትዬ ግን ወጥና እንጀራውን ቤታቸው ሠርተው፣ ሐዘንተኛው በር ላይ ካለው ድንጋይ አኑረው፣ ራቅ ብለው ቆመው አብረው ያለቅሱ ነበር፤ ለአንዱ በአማርኛ፣ ለሌላው በአፋን ኦሮሞ። ይህን እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁትን እንኳ አለመጻፌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ያደርግ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ። የእኛ የሕይወት ታሪክ ወረቀት ግን አልተሻሻለም፤ አሁንም ደመወዝ ያልተከፈለበትን ሥራ እንደ ሥራ አይቆጥርም።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ ከሐዘን መግለጫው ገጽ አጠገብ፣ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜም ቢሆን፣ ሹመትም ሽልማትም ሳይኖራቸው ሰፈር ያቆሙ እናቶች ታሪክ የሚወጣበት ግማሽ ዓምድ እንድትፈቅዱልን በትሕትና እጠይቃለሁ፤ የሚቻል ከሆነ በሕይወት እያሉ ቢሆን እመርጣለሁ፣ የጎደለውን ራሳቸው ይሞሉታልና። እንደ እኔ በየሰፈሩ ይህን ወረቀት የሚጽፉ ሰዎችም ከመጻፋቸው በፊት ጓዳ ገብተው ሴቶቹን እንዲጠይቁ እለምናለሁ።

እኔ ለእትዬ አርባ የሚነበበውን እንደ አዲስ እየጻፍኩ ነው። ሴቶቹ በየማታው እየመጡ ይነግሩኛል፤ እስካሁን አሥራ አንድ ገጽ ደርሷል። ዓምዱን ከፈቀዳችሁ አሳጥሬ እልክላችኋለሁ፤ ልጆቻቸውም ያን ጊዜ ስማቸው እንዲጠቀስ ፈቅደውልኛል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አንድ ጡረታ የወጣ መምህር
ከቡራዩ