ጋዙን ከማስሞላትሽ በፊት

ደሴ፣ እሑድ ማታ

የኔ ዓለም፣

ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «እማ፣ ፍሪጁ ሞተ» ስትይ ድምፅሽን አውቄዋለሁ። የጨነቀሽ የወጡ ነገር አይደለም፣ የአያትሽ የእማማ የስኳር መድኃኒት ነው። አብሽሪ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አላስወራን ስላለ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ወንድምሽ ነገ በጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ይሰጥሻል።

መጀመሪያ ኢንሱሊኑ። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ይሄን እንዳነበብሽ ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ በአደራ አስቀምጪው። መሐለኛው መደርደሪያ ላይ ይሁን፣ ፍሪዘሩን አይጠጋ። አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል። እማማ አሁን እየተወጉት ያለው ግን ቤት ውስጥ ይቆያል። አብዛኛው ዓይነት 4 ሳምንት ገደማ ይቆያል፣ ሙቀቱ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ካላለፈ። የትኛው እንደሆነ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ አለ፣ አንብቢው። የኮምቦልቻ ከሰዓት ስለሚያሰጋኝ አንድ ነገር አድርጊ። ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ ክተቺ፣ መሐላቸውን በአሸዋ ሙይና አሸዋውን ጠዋት ማታ ውሃ አጠጪው። መድኃኒቱን በፕላስቲክ ጠቅልለሽ ትንሹ ውስጥ አስቀምጪና በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኚው። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የአያትሽ የገምቦ ውሃ በበጋ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ነው።

አሁን ወደ ፍሪጁ። ሠሪው መጥቶ ሳያየው፣ በስልክ ብቻ «ጋዝ ጨርሶ ነው፣ እንሞላዋለን» ብሎሻል። ይቺ ቃል ናት ያስነሣችኝ።

ልጄ፣ የፍሪጅ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። በታሸገ ቱቦ ውስጥ ሲዞር ዕድሜውን ሙሉ ያገለግላል። ከጎደለ ያፈሰሰበት ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይገኝ ጋዝ መሙላት በተቀደደ ጆንያ እህል መጫን ነው።

ይሄን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ያኔ አንቺ ገና አንደኛ ክፍል ነበርሽ። ፒያሳ በነበረችን ሱቅ የለስላሳው ፍሪጅ በረዶ ጋግሮ በሩ አልዘጋ አለኝ። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። ቢላ አነሣሁና በረዶውን ወጋሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛው ላይ «ጭስስ» አለ። ቀጭን ቀዝቃዛ ትንፋሽ ጣቴን ነካኝ፣ ከዚያ ጸጥ። የመጣው ሠሪ ጋዝ ሞላልኝ፣ ሦስት ሳምንት ሠራ። ሌላ ጠራሁ፣ እሱም ሞላ፣ ወር አልቆየም። ሦስተኛው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጋዝ አልሞሉም። ቱቦው ውስጥ ናይትሮጅን ነፉበትና የሳሙና አረፋ በብሩሽ ቀቡት። ቢላዬ ያረፈበት ቦታ ላይ አረፋው ኩፍ ብሎ ተነፋ። ያችን ነጥብ ደፈኑ፣ ከዚያ ጋዙን ሞሉ። ፍሪጁ ሱቁን እስክንዘጋ ድረስ አልተነካም። ሦስት ጊዜ ከፍዬ አንድ ጊዜ ነው ያሠራሁት።

ደግሞ የአንቺ ፍሪጅ በጭራሽ የጋዝ ችግር ላይሆን ይችላል። እኔ ሌላ ነገር ነው የጠረጠርኩት።

ይሄ ፍሪጅ የደሴ ፍሪጅ ነው። እዚህ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ቤታችን ራሱ ግማሽ ፍሪጅ ነው። የቅዝቃዜ ቁልፉ 2 ላይ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ በቅቶናል። አንቺ በሐረጎ ቁልቁለት አውርደሽ ኮምቦልቻ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ለዚያውም በቆርቆሮ ጣራ ሥር አስቀመጥሽው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። ፍሪጅ ቅዝቃዜ አይፈጥርም። ከውስጥ ሙቀት እየወሰደ በጀርባው ነው የሚጥለው። ውጪው ሲሞቅ መጣያው ይጠበዋል። ወንድምሽ የላከልኝ ፎቶ ላይ ደግሞ ጀርባው ከግድግዳ ተጣብቋል፣ ጎኑ ላይ ምጣዱ አለ። እንጀራ ስትጋግሪ ሙቀቱን ማን ይጠጣዋል?

እናም ሠሪ ከመምጣቱ በፊት ይሄን አድርጊ። ከሶኬት ንቀዪና ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቂው፣ ከምጣዱም ለዪው። የጀርባው ፍርግርግ ላይ ያለውን አቧራ በደረቅ ብሩሽ ጥረጊ። እዚያ ላይ የቡናና የዱቄት ብናኝ ከዘይት ጋር ተላቁጦ ብርድ ልብስ ይሆናል። የበሩን ጎማ በሳሙና ውሃ እጠቢው። ከዚያ አንድ የብር ኖት በሩ መሐል አድርገሽ ዝጊና ጎትቺው። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው እዚያ ጋ ላልቷል፣ አየር እያስገባ ነው። ዙሪያውን ሞክሪ፣ በተለይ የታችኛውን ጥግ። በረዶ ካለበት በሩን ከፍተሽ በራሱ ይቅለጥ፣ ፎጣ ከሥር አንጥፊ። ቢላ፣ ማንኪያ፣ ምንም ስለት እንዳታስጠጊው፣ በእማማ ሞት!

ቁልፉን 4 ላይ አድርጊው። ቁጥሩ ዲግሪ አይደለም፣ የጉልበት መጠን ነው። ከፍ ሲል ይበልጥ ያቀዘቅዛል። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል፣ ይቀዝቅዝ ብሎ ወደ 1 ያወርደዋል።

ከዚያ መልሰሽ ሰኪውና ጆሮሽን ጣይ። እዚህ ላይ አትቸኩዪ።

መብራቱ በርቶ ሞተሩ ዝም ካለ፣ ወይም በየጥቂት ደቂቃው «ጢቅ» ብሎ ከተወ፣ ለመነሣት ሞክሮ አቅቶታል። ይሄ የጋዝ ምልክት አይደለም። ወይ ሪሌ የሚሉት ትንሿ ማስነሻ ተቃጥላለች፣ እሷ ደግሞ ከሞተሩ ጋር ስትነጻጸር ርካሽ ናት፣ ወይ ኃይሉ አንሷል። ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይጎትታል። ምጣዱ ሲሰካ የቤቱ አምፖል ደብዘዝ የሚል ከሆነ ለፍሪጁ የሚደርሰው 220 ቮልት አይደለም። ሁለቱ በአንድ ዲቫይደር ከሆኑ ዛሬውኑ ለያዪያቸው። መብራት ሄዶ ሲመጣም ወዲያው አትስኪው፣ ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቂ። ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪረጋ ሞተሩ መነሣት ይከብደዋል።

ሞተሩ ያለማቋረጥ እየሠራ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ መዳፍሽን ጀርባው ላይ አድርጊ። ሞቅ ካለሽ ደስ ይበልሽ፣ ሙቀቱ እየወጣ ነው። እስከ ማግስቱ ታገሽው። ሞተሩ እየጮኸ ጀርባው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ወይም ፍሪዘሩ ውስጥ አመዳዩ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ከታየ፣ ያኔ ጋዙን እኔም እጠረጥራለሁ። ሠሪውን ጥሪና «ቀዳዳውን ሳታሳየኝ አትሙላ» በዪው። ከኋላው የተለጠፈችውን ወረቀትም አንብቢ። አር 600ኤ (R600a) የሚል ከሆነ ጋዙ በእሳት የሚቀጣጠል ዓይነት ነው። መስኮት ይከፈት፣ ከሰል አጠገቡ አይኑር፣ ጋዙ በደንብ ሳይወጣ የብየዳ እሳት አያስነሣ። ይሄን ስትነግሪው ካልገባው ሌላ ሠሪ ፈልጊ።

መዳኑን የምታውቂው በእጅ ዳሰሳ አይደለም። የላኩልሽን ቴርሞሜትር አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነክረሽ መሐል መደርደሪያ ላይ አሳድሪው። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ካሳየ የእማማን መድኃኒት ከጎረቤት መልሺ። ከዚያ በፊት አይሆንም። ወተቱንና የሥጋ ወጡን ግን ከትናንት ጀምሮ እዚያው ካለ ድፊው፣ አይቆጭሽ።

ነገ ማታ ስደውል ሁለት ነገር ብቻ ንገሪኝ። ሞተሩ ይነሣል? ጀርባው ይሞቃል? ቅዳሜ እኔው እወርዳለሁ፣ ከሱቁ የቀረውን የኤሌክትሪክ ኃይል ማስተካከያ፣ ስታቢላይዘሩን፣ ይዤ። እማማን ሳሚልኝ።

እናትሽ