የፊልም ክበብ ዘገባ፦ አራት ካሜራ፣ አንድ ቀይ ሹራብ

የፊልም ክበባችን ዘንድሮ በ14 አባላት ጀምሮ በ11 ጨረሰ። አቋርጠው የሄዱት ሦስቱ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ካሜራ ተሸክመን የምንወጣ መስሏቸው ነበር። እኛ ደግሞ ወር ተኩል ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስናባዛና ስናካፍል ከረምን። አልፈርድባቸውም።

ነገሩን የቆሰቆሰው የመጀመሪያው ቀን ጥያቄዬ ነው። «በራሱ አቅም ፊልም መሥራት የሚፈልግ ሰው የትኛውን ካሜራ ይያዝ?» ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «4ኬ ያለውን!» አለ፤ እጅግ ብዙ ነጥብ ያለው ትልቅ ምስል የሚቀርጸውን ማለታቸው ነው። ለምን? «ጥራት አለዋ!» ጥራት ምንድን ነው? ጸጥ። ያው ጸጥታ የዓመቱን እቅድ ወሰነልን።

በሚቀጥለው ሳምንት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጠመኔ ይዛ ወጣች። አንድ የፉል ኤችዲ ምስል 1920 በ1080 ነው፤ ሲባዛ 2,073,600 ፒክስል፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች። እያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንድ አንድ ባይት ቢፈልግ፣ አንዱ ምስል ብቻ 6,220,800 ባይት ይሆናል። በሰከንድ 25 ምስል ሲነሳ ከ155 ሜጋባይት በላይ፣ በሰዓት ደግሞ 560 ጊጋባይት ገደማ። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ታዲያ ስልኬ ይሄን ሁሉ እንዴት ይችለዋል?» አለ። አይችለውም። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ አይጽፍም፤ አብዛኛውን ይጥላል። ፎርማት የምንለው ምን ተጥሎ ምን እንደሚቀር የሚወስነውን ደንብ ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነውና፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ ካሜራ ለ8 ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ይጽፋል፣ በሰዓት 45 ጊጋባይት ማለት ነው። ከመጀመሪያው ምስል የተረፈው አንድ አሥራ ሁለተኛው ያህል ነው። ለ8 ማካፈሉን የረሳ ሁሉ ሰሌዳው ላይ ስሙ ይጻፍ ተባለ። ይህቺ ሕግ በኋላ ማንን እንደምትይዝ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ ፈተናው መጣ። ቤተ መጻሕፍቱ መስኮት አጠገብ ጥቁር መጋረጃ ሰቅለን፣ አንዷን አባል ቀይ ሹራብ አልብሰን ከፊቱ አስቀመጥናት። አራት ካሜራም ተራ በተራ ቀረጿት፦ ዲቪና ኤችዲቪ በሚባሉ ፎርማቶች የሚቀርጽ የካሴት ካሜራ፣ ቪዲዮም የሚያነሳ ያረጀ የፎቶ ካሜራ፣ የአንድ አባል ስልክ፣ እንዲሁም በውሰት ያገኘነው 10 ቢት 4:2:2 (ቀለምን በበለጠ ዝርዝር ማለት ነው) መቅረጽ የሚችል መስታወት አልባ (ሚረርለስ) ካሜራ። ብርሃኑ ተመሳሳይ እንዲሆን በየቀኑ በዚያው ሰዓት ስለሠራን ነገሩ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሹራቡ የታላቅ እህት ነበር፤ እህትየዋ ዓመቱ እስኪያልቅ አልረሳችልንም።

ውጤቱን የካሜራ ስም ሳንጠራ ፕሮጀክተር ላይ አሳየን። ካሴቱን ሁሉም ወዲያው ለየው፤ ዲቪ በቁመት 576 መስመር ብቻ ስለሆነ በትልቅ ግድግዳ ላይ ይደበዝዛል። ሌሎቹን ሦስቱን ግን ማንም በትክክል አልለየም። እንዲያውም ብዙዎቹ ውዱን ካሜራ ትተው ስልኩን መረጡ። ስልክ ምስሉን ራሱ አስውቦ፣ ጠርዙን አሹሎ፣ ጥላውን አፍክቶ ነው የሚሰጠው። የ4ኬ ደጋፊዎች ሲያጨበጭቡ እኔም ትንሽ ደንግጬ ነበር።

ልዩነቱ የወጣው ምስሉን መነካካት ስንጀምር ነው። የሹራቡን ትከሻ አራት እጥፍ አጉልተን አየነው። በፎቶ ካሜራውና በስልኩ ቀረጻ ቀዩ ከጥቁሩ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። ሁለቱም በ4:2:0 ስለሚጽፉ ብርሃንና ጨለማን ለየፒክስሉ ይመዘግባሉ፤ ቀለምን ግን ለአራት ፒክስል አንድ ጊዜ ብቻ። ዓይናችን ከቀለም ይልቅ ብርሃንን አጥርቶ ስለሚያይ በዘወትር ምስል አይታወቅም። አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ቀርጾ ጀርባውን ልቀይር ያለ ሰው ግን ጉዱ የሚፈላው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው። የውሰቱ ካሜራ በ4:2:2 ለሁለት ፒክስል አንድ ቀለም ይመዘግባልና ጠርዙ ይበልጥ ለስላሳ ሆኖ ተገኘ።

የካሴቱ ካሜራ ያስተማረን ሌላ ነገር ነው። ያው ካሜራ በያው ካሴት ላይ ሁለቱንም ፎርማት ይጽፋል። ዲቪ (በ1995 የመጣ ነው) እያንዳንዱን ምስል ለብቻው ጨምቆ ያስቀምጣል። በ2003 የመጣው ኤችዲቪ በዚያው በሰከንድ 25 ሜጋቢት ትልቅ ምስል ማስገባት ስላለበት ሌላ ዘዴ አለው። የስም ጥሪ መዝገብ ስሞላ ሁሉንም ስም ከመጻፍ «እንደ ትናንቱ፣ ከሁለቱ በቀር» ብል እንደማለት ነው፤ አንድ ምስል ሙሉውን ይጽፍና ለቀጣዮቹ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ሲቀረጽ፣ ከአንዱ ሙሉ ምስል ጀምሮ በእሱ ላይ የሚደገፈው ቡድን 12 ምስል ነው። እንግዲህ የትናንቱ ገጽ ቢቀደድ የዛሬው ምን ይባላል? ካሴታችን አንድ ቦታ ላይ አቧራ ነበረው። በዲቪ ጥቂት ካሬዎች ብልጭ ብለው ጠፉ። በኤችዲቪ ግን የልጅቷ ፊት ግማሽ ሰከንድ ያህል ደረቀ፣ ድምፁም ተቆረጠ። የዛሬዎቹ ኤች.264 እና ኤች.265 የሚባሉ የቪዲዮ ፋይሎችም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በዚሁ የመዝገብ ዘዴ ነው። የቤተ ሙከራው ኮምፒውተር የስልኩን 4ኬ ሲያጫውት የሚንተፋተፈው ለዚህ ነው፤ አንዱን ምስል ለማሳየት ጎረቤቶቹን ሁሉ መፍታት አለበት። ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ። መፍትሔ ያደረግነው ለቅንብር የሚሆን ትንሽ ቅጂ መሥራት ወይም ወደ ፕሮሬስ፣ እያንዳንዱን ምስል ለብቻው ወደሚያስቀምጥ የቅንብር ፎርማት፣ መቀየር ነው። ፕሮሬስ 422 በፉል ኤችዲ 25 ፍሬም በሰዓት 55 ጊጋባይት ገደማ ይበላል፤ ዲስክ ይሞላል እንጂ ኮምፒውተር አያንተፋትፍም።

በሁለተኛው መንፈቅ አጭር ፊልማችንን ቀረጽን። የመጨረሻው ትዕይንት አመሻሽ ላይ አንድ ልጅ ብቻውን የሚሄድበት ነው። ሰማዩ እንዳይነጣ፣ ጥላውም እንዳይጠቁር በሎግ፣ ማለትም ደማቁንም ጨለማውንም አብሮ በሚይዝ የደበዘዘ ቀረጻ፣ እንዲቀረጽ ወሰንን። ያኔ እኔ ጣልቃ ገባሁ። «10 ቢቱ ይቅር፣ ካርዳችን አይችለውም፤ በ8 ቢት ቅረጹ» አልኩ። ታዘዙኝ። ቅንብር ላይ ቀለሙን ስናርም ለስላሳው ሰማይ እንደ ደረጃ ተቆራረጠ፤ ከብርቱካናማ ወደ ሰማያዊ የሚሸጋገርበት ቦታ በግልጽ ሰንበር ሠራ። 8 ቢት ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ አለው፣ 10 ቢት 1024። ሎግ ሰፊውን የብርሃን ልዩነት በእነዚያ ጥቂት ደረጃዎች ላይ አጨናንቆ ያስቀምጣል፤ በኋላ መልሰን ስንዘረጋው በየደረጃው መካከል ያለው ክፍተት ለዓይን ይታያል።

ሰሌዳ ላይ ያባዛችው ተማሪ የካሜራውን መመሪያ ገልጣ መጣች። 10 ቢቱ በሰከንድ 150 ሜጋቢት ነው። ለ8 ሲካፈል 19 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ካርዱ ላይ የታተመው ቪ30 ደግሞ ቢያንስ 30 ሜጋባይት በሰከንድ እጽፋለሁ ማለት ነው። 150ውን አይቼ ከ30 ጋር አወዳድሬው ኖሯል። ስሜ ሰሌዳው ላይ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቆየ።

ስልኩም ጣጣ አላጣም። ቃለ መጠይቅ ስንቀርጽ ድምፁን በተለየ መቅጃ ይዘን ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ገጥሞ ወደ መጨረሻው ከንፈርና ቃል ተለያዩ። ብዙ ስልኮች ፍሬማቸውን እንደ ሁኔታው ስለሚያፈጥኑና ስለሚያዘገዩ ነው። ፍሬሙን በ25 የሚያስር መተግበሪያ ጫንን፣ ነገሩ አበቃ። በስልክ ፊልም አይሠራም የሚለኝ ግን የለም፤ በ2015 በአይፎን 5ኤስ የተቀረጸ ሙሉ ፊልም ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታይቷል።

የክርክር ውድድሩን ፍጻሜ ስንቀርጽ የፎቶ ካሜራው ዳኞቹ አሸናፊውን ሊናገሩ ሲሉ ቀጥ አለ፦ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ። ካሜራው አልተበላሸም። የአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ደንብ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጸውን በቪዲዮ ካሜራ መድቦ ከፍ ያለ ቀረጥ ስለጣለበት፣ አምራቾች የፎቶ ካሜራዎችን አንድ ሰከንድ ሲቀር እንዲቆሙ ያደርጉ ነበር። ተከራካሪዎቹ ግን ይህን ማብራሪያ በደስታ አልተቀበሉም።

የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ተመልሶ ሲመጣ የእኔ መልስ ይህ ነበር፦ መጀመሪያ ማይክ፣ ከዚያ የካሜራ እግር (ትራይፖድ)፣ ከዚያ ሌንስ፣ ካሜራው በመጨረሻ፤ እሱም ቢሆን ከ8 ቢት 4ኬ ይልቅ 10 ቢት ፉል ኤችዲ። ከአባላቱ አራቱ አሁንም አይስማሙም፤ 4ኬ ቀርጸን ቅንብር ላይ እንቆርጠዋለን፣ ሁለተኛ ካሜራ ያተርፍልናል ይላሉ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም፤ 4ኬ የፉል ኤችዲን አራት እጥፍ ፒክስል ይዟልና።

ቁም ሣጥኑ ውስጥ 19 ካሴቶች አሉን፣ የቀድሞ ተማሪዎች የቀረጿቸው። ካሴት እንደ ካርድ ፋይሉ ተጎትቶ አይገለበጥም፤ የ60 ደቂቃው ካሴት 60 ደቂቃ ሙሉ እየተጫወተ ነው ወደ ኮምፒውተር የሚገባው። ዘንድሮ ሰባቱን አስገብተናል፣ 12 ቀርተዋል። የካሜራው ማጫወቻ ራስ እያረጀ ስለሆነ የመጪው ዓመት ክበብ ሥራውን የሚጀምረው ከእነሱ ነው። መመዝገብ የሚፈልግ በምሳ ሰዓት ቤተ ሙከራ ይምጣ፤ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ካሴት መጠበቅ የሚችል ይሁን።