ፋሲካ አልፎም ያልተፈታ ጾም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ወጣቶች የአመጋገብ መታወክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ደግ ሠርታችኋል። ቅር ያለኝ ፎቶው ነው፤ ሚዛን ላይ የቆመች ልጅ። ከምልክቶቹም መጀመሪያ የሰፈረው የወር አበባ መቅረት ነው። እኔ ቤት የታመመው ግን ወንድ ነው።

ሴት ልጅም አለችኝ። እሷ የማትሪክ ሰሞን ትንሽ ክስት ስትል ሳምንት ሳይሞላ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ጎረቤቱም «ምን ሆነችብሽ?» አለ። ታላቅ ወንድሟ ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ እስኪበሳ ድረስ ሲከሳ ግን «ሰውነትህ ተስተካከለ» ተባለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ጠዋት ጂም፣ ማታ ጂም። ሁዳዴ ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምስም። ጎበዝ ልጅ ወለድሽ ሲሉኝ፣ ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ፋሲካ መጣ፣ ዶሮው ቀረበ፣ እሱ «ሆዴን አሞኛል» አለ። በግድ አጎረስኩት። ማታ ጃኬቱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ጉርሻዬን በሶፍት ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ ቁራጭ እንቁላሉም አብሮ አለ።

ከዚያ በየሐኪም ቤቱ ዞርን። የታይፎይድ ምርመራ ሦስት ጊዜ፣ ሰገራ፣ ለሳንባ ነቀርሳ አክታ። ጸበልም ሄድን። «ስትበላ ምን ይሰማሃል?» ብላ የጠየቀችው በመጨረሻ ያገኘናት የአእምሮ ሐኪም ናት።

በኋላ ሳነብ አልተገረምኩም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ እስከ 2013 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከአኖሬክሲያ (ውፍረትን በመፍራት ምግብን እስከ መመንመን የሚያስተው የአእምሮ ሕመም) መለያዎች አንዱ ያደረገው የወር አበባ ለሦስት ወር መቅረትን ነበር። በሴት ልክ የተሰፋ ልብስ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ሞርተን ግን በ1689 ስለሚያመነምኑ በሽታዎች ሲጽፍ፣ ምግብ እየተዉ ከመነመኑት ወጣቶች መካከል አንዷን ሴትና አንድ የ16 ዓመት ወንድ ልጅ ጠቅሶ ነበር።

ሴቶች ላይ እንደሚበዛ አልክድም። ወንዱ ግን ብዙ ጊዜ «ልክሳ» አይልም፤ «ስብ ላቅልጥ፣ ጡንቻ ላውጣ» ነው የሚለው፤ ይህን ደግሞ በሽታ ብሎ የሚጠረጥር የለም። ልጄ የእንቁላሉን ነጭ ብቻ ለይቶ ይበላል፣ ሩዙን በግራም ይለካል። ሚዛኑን የገዛሁለት እኔ ነኝ። ሌላ ጊዜ ስለዚህ ስትጽፉ ይህንንም ከምልክቶቹ ጋር አስገቡልን፤ ጾም ሲፈታ የማይፈታውንም ጭምር።

ስሜ ይቆይልኝ። ታሪኩ የልጄ ስለሆነ አስፈቅጄው ነው የጻፍኩት። አሁን ይሻለዋል፤ ክትትሉን አላቋረጠም። ደብዳቤውን አንብቦ «የኪሱን ነገር ባታነሺው» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ «ተይው፣ ይውጣ» አለ።

እናቱ፣ ከአዲስ አበባ