ለወንድሜ ለታደሰ፦ ስለ ሰሜኑ ረግረግ

ውድ ወንድሜ ታደሰ፣

እንደምን ሰነበትክ? ዝምታዬ እጅግ ስለ ረዘመ ይቅር በለኝ፤ የቤቱን ወሬ በሌላ ደብዳቤ አደርስሃለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ ምክርህ ስላስፈለገኝ ነው። በቦረቦር ላይ ክትር ስትሠራ የኖርክ ሰው ነህና፣ እዚህ ፊንላንድ የያዝነውን፣ የደረቀ ረግረግ ወደ ቀድሞው የመመለስ ሥራ ካንተ የተሻለ የሚረዳልኝ የለም።

ከዚህ አገር የብስ ሲሶ ያህሉ ቀድሞ ረግረግ ነበር። ከዚያም ከግማሽ የሚበልጠውን፣ በተለይ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ለደን ልማት ብለው በቦይ አጠነፈፉት። ረግረግ ሲደርቅ አየር ይገባዋል፤ ፒት የሚባለው፣ ለሺህ ዓመታት በውሃ ተሸፍኖ የቆየው የዕፀዋት ቅሪት ይበሰብስና ካርቦኑ ወደ አየር ይወጣል። ፒት በዓመት የሚወፍረው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ የጠፋውን በእኛ ዕድሜ መተካት አይቻልም።

በደቡብ ያለው ረግረግ መካከሉ ጉብ ያለ ነው፤ ከዝናብና ከበረዶ በቀር ሌላ ውሃ አያገኝም። ስፋግነም የተባለውን ሳረንስት እፍኝ ሙሉ አንሥቼ ብጨምቀው ውሃው እስከ ክርኔ ወረደ። እዚያ ቦዩን በፒት ደፍነን ዛፉን ካነሣን ውሃው ይመለሳል። ወደ ሰሜን ያለው፣ አፓ የሚሉት ግን፣ ከዙሪያው መሬት በሚወርድ ውሃ የሚኖር በመሆኑ፣ ራሱ ሳይነካ ከበላዩ በተቆፈረ ቦይ ብቻ ሊደርቅ ይችላል። አጥር ከልሎ ጥብቅ ቦታ ማለት ስለዚህ አይበቃም፤ የተነጠቀው ውሃ መመለስ አለበት።

የምጠይቅህም ይህንኑ ነው። ውሃው የደፈንነውን ትቶ በጎን እየቦረቦረ ያልፋል። ክትሩን ከቦዩ ጠርዝ ወዲያና ወዲህ ምን ያህል ታስገባው ነበር? ፒቱ ውሎ አድሮ ስለሚሰጥምስ፣ ከፍታውን በምን ያህል ትጨምራለህ? «ውሃ ጎን ይወዳል» እያልክ ስታሰለቸን የነበረው ሁሉ ዛሬ ያስፈልገኛልና አትሰስት።

አንድ ነገር ደግሞ... ለማንም አልተናገርኩትም። በአገሩ ሰሜን ጫፍ፣ በላፕላንድ፣ ፓልሳ የሚባሉ፣ ውስጣቸው ዓመቱን ሙሉ በረዶ የሆነ የፒት ጉብታዎች አሉ። አየሩ እየሞቀ በመሄዱ እየቀለጡና እየተናዱ ነው፤ ለእነርሱ የሚሆን ክትር የለም። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ።

የደቡቡን ሥራ የምንቀጥለው መሬቱ ሳይቀዘቅዝ ነውና፣ መልስህን ከመስከረም በፊት ላክልኝ፤ ከተቻለህ የክትሩን ንድፍ በእጅህ ሥለህ ጨምርበት።

ወንድምህ ግርማ